አባቴ ሲመጣ አትነሳ

በእኛ ቤት አባቴ ሲገባ የማይነሳ ነገር ቢኖር ምድጃው ብቻ ነበር። እናቴ ሕፃን እያጠባችም ቢሆን ትነሳለች። ታናሽ ወንድሜን “ከመራመዱ በፊት መነሳት የለመደ” እያልን እንስቅበት ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ተነሱልኝ ሲልም ሰምቼው አላውቅም። ሃላቃ ሆኖ ያገለገለ፣ ሕዝብ ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ አደባባይ ተሰብስቦ መርጦ የሾመው ሰው ስለነበር አገሩ ሁሉ ይነሳለታል፤ እኛስ ከአገሩ በምን እንለያለን? በጋሞ ደጋ ለታላቅ መነሳት ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነው። እኔ ዛሬም ጉልበቴ እምቢ እያለኝ፣ ሽማግሌ ሲገባ ሳላስበው ብድግ እላለሁ። ይህን የማወራው ግን ሥርዓታችንን ላሞግስ ብዬ አይደለም። አንድ ቀን ይኸው ወንድሜ ለአባቴ እንዳይነሳ በሁለት እጄ ደረቱን ተጭኜ ይዤዋለሁ፤ የማወራው ስለዚያ ቀን ነው።

ጊዜው ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው። እኔ አርባ ምንጭ ውስጥ ሆስፒታል ነርስ ነበርኩ፤ የምኖረው ሲቀላ በተባለው ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ በተከራየኋት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ ይሠራል። እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች ቀን የሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ይሸምናል፣ ማታ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ተደርድሮ ይተኛል። ክረምት ሲሆን አንዱ የሌላውን ጋቢ ይጋራል። ጋቢ የተጋራ ሰው ደግሞ ጋቢው ውስጥ ያለውንም ይጋራል።

አንድ ጠዋት ሥራ ልገባ ስወጣ የቤቴን በር ተደግፎ ቆሞ አገኘሁት። ከአዲስ አበባ የመጣበት አውቶቡስ ሶዶ ላይ አድሮ ነበር። ዓይኑ ደፍርሷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ግንባሩን ስነካው እጄን መለስኩት። ትኩሳቱ ቀደም ብሎ ይዞት ለቅቆት እንደነበረ፣ “ዳንኩ” ብሎ ሥራ ከገባ በኋላ እንደገና እንደተነሳበት በተቆራረጠ አፍ ነገረኝ። የኮቱን ኮሌታ ገለጥኩት። ስፌቱን ተከትለው ቅማሎቹ ተደርድረዋል።

“አዲስ አበባ ሄደህ ያመጣህልኝ ስጦታ ይሄ ነው?” አልኩት።

“ለአንቺ ያልሆነ ለማን ይሆናል” አለኝና ሊስቅ ሲሞክር ጥርሱ ተንገጫገጨ።

በቀልዱ እኔም ሳቅኩ። ይዞ የሚለቅ፣ ለቅቆ የሚመለስ ትኩሳት ከቅማል ጋር ሲመጣ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግርሻ ትኩሳት ነው። በዚህ በሽታ የሞተ ሰው ደግሞ ከቤታችን አጥር ማዶ ነበረን።

ያ ሰው ጎረቤታችን የሆነ ሸማኔ ነው። ከዓመት በፊት ታሞ ሽማግሌዎቹ “እቤቱ ይተኛ” ሲሉ ሚስቱ እምቢ ብላ ደጋው ላይ ወዳለ ክሊኒክ አስወሰደችው። መርፌ ተወጋ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ላብ አጠመቀውና ቀዝቀዝ አለ። ተሻለው ብላ ወደ ቤቱ መለሰችው። በዚያው ዕለት አባቴና ሌሎች ሽማግሌዎች ሊጠይቁት ገቡ። ሰውዬው ከመደቡ ብድግ ብሎ እጁን ዘረጋ፣ እዚያው ተዘረረ፣ ሞተ። መንደሩ ፍርዱን ለመስጠት አልዘገየም፤ መርፌ ገደለው፣ ወደ መርፌው የወሰደችው ደግሞ ሚስቱ ናት ተባለ። ፍርዱን በዱቡሻ አውጥቶ የተናገረው አባቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ሴትየዋ እሳት እንኳ የምትለዋወጠው ሰው አጣች።

ወንድሜን በጋሪ ጭኜ ሆስፒታል አደረስኩት። ልብሱን አስወልቀን ቀቀልነው፣ ጸጉሩን ላጨነው፣ ደሙ ተወሰደ። ዋርዱን የያዘው ሐኪም ከጎንደር የመጣ ወጣት ነው፤ ጎበዝ ነው፣ ግን አንድ ነገር ከጠየቁት ሥሩን ሳይቆፍር የማይለቅ ስለሆነ ሥራ ሲበዛብኝ እሸሸው ነበር። ያን ቀን ግን ራሱ ጠራኝና በማይክሮስኮፑ አሳየኝ። በደም ሕዋሳቱ መካከል ጠምዛዛ፣ የተፈተለ ክር የመሰሉ ነገሮች ይተራመሳሉ።

“ሲስተር፣ ወንድምሽ ነው አሉኝ። ስለዚህ ልንገርሽ፤ የዚህ በሽታ ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከመርፌው በኋላ ነው።”

“ዶክተር፣ ይህን ለሰፈሬ ሰው እንዳይነግሩብኝ” አልኩት፤ “እነሱም የሚሉት ይህንኑ ነው።”

አልሳቀም። ወረቀት ስቦ ሁለት መስመር አሰመረ፤ የደም ሥር መሆኑ ነው። በመስመሮቹ ውስጠኛ ጎን ትንንሽ ነገሮችን ደረደረ።

“ፔኒሲሊኑ እነዚህን ተሐዋስያን በአንድ ጊዜ ሲፈጃቸው የሰውነት ነጭ ሕዋሳት ይደነግጣሉ። ሳይቶካይን የሚባሉ ጥቃቅን መልእክተኞችን ደሙ ውስጥ በብዛት ይለቃሉ። መልእክቱ የሚደርሰው ለእነዚህ ነው፤ የደም ሥሩን ከውስጥ እንደ ገበር ለሸፈኑት ሕዋሳት። በደህናው ጊዜ ጎን ለጎን ተጣብቀው ደሙን በቦታው የሚይዙት እነሱ ናቸው። መልእክቱ ሲደርሳቸው ግን ይኮማተራሉ፣ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። ሙልጭልጭ የነበረው ገጻቸው የሚያጣብቅ ይሆንና የሚያልፈውን ነጭ ሕዋስ ይዞ ያስቀራል። የደም ሥሩም ይላላል፣ ይሰፋል።”

“ይሄ መልካም ነው ወይስ መጥፎ?”

“ጣትሽን እሾህ ቢወጋሽ መልካም ነው። ቀልቶ የሚያብጠው ለዚህ ነው፤ እርዳታው የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። በመላ ሰውነት በአንድ ጊዜ ሲሆን ግን የደሙ ውሃ ወደ ሥጋ ይሰርጋል፣ ግፊቱ ይወርዳል። የተኛ ሰው ይህን ሊችለው ይችላል። ብድግ ካለ ግን የቀረችው ደም ወደ እግሩ ትወርዳለች፣ አንጎሉም ልቡም ባዶ ይቀራሉ። ልቡ ደግሞ በበሽታው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ተሻለኝ ብሎ ተነስቶ ሽንት ቤት በር ላይ የሞተ ሰው አይቻለሁ። እስከ ነገ ድረስ ቀና እንዳይል፤ ለማንም፣ ለምንም።”

ለማንም ሲል ጆሮዬ ላይ ደወል ተደወለ። የጎረቤታችንን የተዘረጋ እጅ አየሁት። መርፌው አልነበረም፤ መነሳቱ ነው። የተነሳው ደግሞ ለአባቴ ነው።

ወንድሜ ከእኔ ሌላ ማንም እንዳይወጋው ለመነኝ። ፔኒሲሊኑን መርፌው ውስጥ ሞልቼ ወጋሁት። የአልጋውን ግርጌ በጡብ ከፍ አደረግን፤ እኛ በልማድ ግሉኮስ የምንለውን ፈሳሽ ከብረቱ ላይ ሰቅለን ወደ ክንዱ ለቀቅንለት። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። በዚህ መሐል ከሲቀላ ገበያ ቡሉኮ የምትሸጥ የአገሬ ሴት እያለከለከች መጣች። ወንድሜ ጠዋት ከአውቶቡስ ሲወርድ ሲንገዳገድ አይታው፣ ወደ አገራችን ወደ ጨንጫ በሚወጣ መኪና ለአባቴ መልእክት ልካለች።

“ጥሩ አደረግኩ አይደል?” አለችኝ።

“በጣም” አልኳት፤ ልቤ ግን ሌላ ነው ያለው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አባቴ ቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎች ይዞ እንደሚመጣ፣ ልጁን ከመርፌ አስጥሎ ወደ ተራራው ሊወስደው እንደሚመጣ በዓይኔ ያየሁት ያህል አወቅኩ። ያንን መንገድ ወንድሜ በሕይወት አይጨርሰውም።

ከቀትር በኋላ ብርዱ ጀመረ። መጀመሪያ ጣቶቹ፣ ቀጥሎ መንጋጋው፣ ከዚያ አልጋው ራሱ ሲሚንቶው ላይ ተንቀጫቀጨ። ያለኝን ብርድ ልብስ ሁሉ ደረብኩለት። ቴርሞሜትሩን ላለማየት ፈለግኩ፤ አየሁት። ዋርዱ በሙሉ ይመለከተናል።

“ገደልሽኝ” አለኝ ወንድሜ በተገጠመ ጥርሱ መካከል። “በእጅሽ ገደልሽኝ።”

“አፍህን ዝጋ፤ የሚሞት ሰው ይህን ያህል አያወራም” አልኩት።

ቁጣዬ ፍርሃት ነበር። እሱ ቢሞት በአገሬ ስሜ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ከጎረቤታችን ሚስት እብሳለሁ፣ እሷ እንኳ አስወጋችው እንጂ አልወጋችውም። ግን እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ሰዓት ስለ ስሜ ግድ አልነበረኝም። የምፈልገው ያ መንቀጥቀጥ እንዲቆም ብቻ ነበር።

ቆመ። የባሰው ግን ይህ ሆነ። ፊቱ ቀላ፣ እጁ ሞቀ፣ ላቡ አንሶላውን አራሰው፤ “አሁን ቀለለኝ” ብሎ ፈገግ አለልኝ። ዋርዱ እፎይ አለ፤ አንዷ አስታማሚ እልል ልትል ቃጣት። እኔ የግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ ጠቅልዬ አዳመጥኩ። ድምፁ ጠፋብኝ። እንደገና ነፋሁና አዳመጥኩ፤ ከታች፣ ከሩቅ፣ ቀጭን ሆኖ መጣ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይህ ነው። ዶክተሩ የሣላቸው መስመሮች በወንድሜ ፊት ውስጥ ሲላሉ፣ ውሃው ሲሰርግ የማይ መሰለኝ። ግሉኮሱን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።

ኮሪደሩ ላይ የከዘራ ድምፅ የተሰማው ያን ጊዜ ነው።

ያንን አረጋገጥ ከሺህ ለይቼ አውቀዋለሁ። ወንድሜም ያውቀዋል። አባቴ በሩ ላይ ሲቆም መሬት ላይ የተቀመጡት አስታማሚዎች “ኖር! ኖር!” እያሉ ብድግ ብድግ አሉ። ከማዶ ያለው እግሩ የተሰበረ በሽተኛ እንኳ በክንዱ ተደግፎ ቀና ለማለት ሞከረ። ወንድሜ ክርኑን ፍራሹ ላይ ተከለ። ዓይኑ በር ላይ ነው፤ ምን እያደረገ እንዳለ እንኳ የሚያውቅ አይመስልም፣ ገላው ብቻ ይነሳል። በሁለት እጄ ደረቱን ተጭኜ መልሼ አስተኛሁት።

“አትነሳ!”

“አባ መጥቷል እኮ” አለኝ ግራ በመጋባት። ፊቱ ከቀይ ወደ አመድ ተለውጧል።

አባቴ ያየው ነገር ይህ ነው፤ ሴት ልጁ ወንድ ልጁን አልጋ ላይ ተጭና ይዛዋለች፣ ልጁ ሊቀበለው ይታገላል። ከኋላው ሁለት የመንደራችን ጎልማሶች ባዶ ቃሬዛ ተሸክመው ቆመዋል። ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ። ወንድሜ እንደገና ተወራጨ። አጠገቤ ለነበረችው አስታማሚ “በእናትሽ፣ ያዢልኝ” ብዬ ወደ በሩ ሮጥኩና በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ። የአባቴን መንገድ ቆሜ ዘጋሁ።

“አባ፣ እንዳይገቡ። ወደ ኋላ ይውጡልኝ።”

የተነጋገርነው በጋሞኛ ነው። ቃሬዛ የያዙት ጎልማሶች አንገታቸውን ደፉ፤ እኔ ነኝ ያፈርኩት ወይስ እነሱ፣ አላውቅም። አባቴ አልጮኸም። ጮኾ አያውቅም።

“ወግታችሁታል?”

“እኔው ነኝ የወጋሁት።”

“ያኛውንም እንዲሁ ነው ያደረጉት። ወጉት፣ ተንቀጠቀጠ፣ አላበው፣ ሞተ። ልጄን ስጪኝ።”

ኮሪደር ላይ ቆሜ የዶክተሩን ትምህርት ለአባቴ የምነግርበት ቃል ፈለግኩ። በጋሞኛ የደም ሥር ገበር የሚሆን ቃል አልነበረኝም። ያለኝን አነሳሁ።

“አባ፣ በመንደራችን ኡኡታ ሲሰማ የግቢውን በር ዘግቶ የሚወጣ ሰው አለ?”

“የለም” አለ።

“ለምን?”

“ጊዜ የለማ። ሰው ይደርሳል። የሚገባም እንዲገባ በሩ ክፍት ይቀራል።”

“የሁሉም ግቢ በር በአንድ ጊዜ ክፍት ቢቀርስ? ከብቱስ?”

“ይወጣል። ይበተናል።”

“ልጅዎ ውስጥ የሆነው ይሄ ነው። መድኃኒቱ ጠላቱን ሲገድለው በገላው ውስጥ ኡኡታ ተነሳ። ኡኡታው በደሙ መንገድ ዳር ያሉትን ሁሉ በር አስከፈታቸው። ውሃው ወጣ፣ ተበተነ። ኡኡታው ይቆማል፣ በሩ ይዘጋል፣ የወጣውም ይመለሳል። እስኪመለስ ድረስ ግን ያለው ጥቂት ነው፤ የሚበቃውም ለተኛ ሰው ብቻ ነው።”

“ቢነሳስ?”

“ይሞታል።”

አባቴ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወደ አልጋው ተመለከተ። ከዚያ ዓይኑ ቀስ ብሎ ተለወጠ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሳይገባው ቢቀር እወድ ነበር። እሱ ግን በዱቡሻ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ነገር አይስተውም።

“ያኛው ሰው” አለ፤ “መርፌው አይደለም?”

“አይደለም፣ አባ።”

“መነሳቱ ነው።”

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። አባቴ ከዘራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፣ መልሶ አዛወረ። እዚያው እንደቆመ ያረጀ መሰለኝ፤ አሳዘነኝ፣ ጉልበቱን አቅፌ ማልቀስ አማረኝ። ከውስጥ የወንድሜ ድምፅ “ልቀቁኝ፣ አባቴ ውጭ ቆሟል፣ ነውር ነው” እያለ ይሰማል። አባቴን እዚያ ማቆየት አይቻልም፤ ማባረርም አይቻልም። ውጭ እያለ ካልገባ ልጁ ሊወጣ ይነሳል፤ ከገባም ይነሳለታል።

አባቴ ከዘራውን ለአንዱ ጎልማሳ ሰጠው። ጫማውን አወለቀ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አገር የሚነሳለት ሃላቃ፣ በሩ ሥር ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። በእጁ እየተደገፈ፣ በመቀመጫው እየተጎተተ ወደ ውስጥ ገባ። ቆመው የነበሩት ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው አንድ በአንድ ተቀመጡ፤ ሽማግሌ መሬት ላይ ተቀምጦ ማን ቆሞ ያያል? አልጋው ጋ ሲደርስ ጭንቅላቱ ከፍራሹ በታች ሆነ። ወንድሜ አንገቱን አዙሮ ወደ ታች አየው። ለማን እንደሚነሳ ጠፋበት። ለተቀመጠ ሰው አይነሳም።

“አባ” አለ ወንድሜ፣ አለቀሰ።

“ተኛ” አለው አባቴ። “እኔም እቀመጣለሁ።”

እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ የልጁን እጅ ያዘ። እኔ በሁለቱ እጆች ላይ ተሻግሬ ግፊቱን ለካሁ፤ ጥቂት ቆይቼ ደግሜ ለካሁ። ሁለተኛ ግሉኮስ ተሰቀለ። ዶክተሩ መጥቶ ወለሉ ላይ የተቀመጠውን ሽማግሌ አየ፣ እኔን አየ፣ ወንበር ሊያስመጣለት አፉን ሲከፍት በዓይኔ ከለከልኩት። ከዓባያ ማዶ ያሉት ተራሮች በመስኮቱ ደብዘዝ ሲሉ የወንድሜ የልብ ምት ጆሮዬ ውስጥ ጠንከር ብሎ ገባ። “መጣ” አልኩ። አባቴ ምኑ እንደመጣ አልጠየቀም።

ወንድሜ በነጋታው ቀና ብሎ ቡላ ጠጣ። አባቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከወለሉ አልተነሳም፤ ሲነሳ ሁለቱ ጎልማሶች ደግፈውት ነው። ቃሬዛው ባዶውን ተመለሰ።

ቀጥሎ የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ወንድሜ ነው የነገረኝ። ጠንክሮ አገር ቤት በወጣ ጊዜ አባቴ አስከትሎት ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄደ። ከባሏ ሞት ወዲህ የዚያን ቤት አጥር አልፎ አያውቅም ነበር። ዝናብ አባርቶ ደጁ ጭቃ ነው። ሴትየዋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። አባቴን ስታይ ደነገጠች፤ እንዝርቷን ጣል አድርጋ ለመነሳት መሬቱን ተመረኮዘች። አባቴ ግን ቀደማት፣ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

“አትነሺ” አላት። “ከዚህ ቤት አንድ ሰው ተነስቶልኛል።”